የጎደለው ቅጠል

ለታናሽ ወንድሜ፣

ይህ ደብዳቤ እጅህ ሲገባ አንተንም፣ ባለቤትህንም፣ ልጆችህንም በደህና እንዲያገኛችሁ እመኛለሁ። ወገብህ እንዴት ነው? ባለፈው ዓመት ከእናንተ ሰፈር እህል ሊያስፈጭ የመጣ ሰው አጎንብሰህ እንደምትሄድ ነገረኝ። ከባድ ነገር ስታነሣ ጉልበትህን እጠፍ እያልኩ ስንት ጊዜ ነግሬህ ነበር። አልሰማኸኝም። ትልቋ ልጅህ አስተማሪ መሆኗንም ከዚያው ሰው ሰማሁ። እሰየው ብያለሁ። ምን እንደምታስተምር ብጠይቀው አያውቅም። የማያውቀውን ነገር ለምን እንደሚያወራ አልገባኝም።

እኔ ደህና ነኝ። የምኖረው እዚያው ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ባሉት ሁለት ክፍሎች ነው። በአንደኛው እተኛለሁ። በሁለተኛው መፍቻዎቼ፣ የወፍጮ ቀበቶዎችና መጻሕፍቴ አሉ። ወፍጮው ሲበላሽ አሁንም የሚጠሩት እኔን ነው። አምና ዲፕሎማ ያለው መካኒክ አምጥተው ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ፈታው፤ በአራተኛው ቀን እኔ ገጠምኩት።

ሃያ ሁለት ዓመት አንድ መስመር ሳይጽፍልኝ የኖረ ሰው ዛሬ ምን ነካው እንደምትል አውቃለሁ። ሳላድበሰብስ ልንገርህ። የመሬት ጽሕፈት ቤቱ ማስታወቂያ ለጥፏል። ከሃያ ዓመት በላይ ጦሙን ያደረ እርሻ፣ ባለይዞታዎቹ እስከ መጪው ወር መጨረሻ ቀርበው ለምን እንደሚፈልጉት ፈርመው ካላስታወቁ ለሌላ ሰው ይሰጣል ይላል። የአባታችን እርሻ በሁለታችን ስም ነው። አንተ ደግሞ ከእናታችን ቤት ለመጨረሻ ጊዜ ስትወጣ፣ እሳቱን ማን እንደለኮሰ ሳይነገረኝ ከዚህ ሰው ጋር አንድ ወረቀት ላይ አልፈርምም ብለህ ነበር። በሩ ላይ ቆመህ ነው ያልከው፤ ፊትህን አላዞርክም። ቃልህን እንደማታጥፍ አውቃለሁ። በዚህ እንኳ እኔን ትመስላለህ።

ስለዚህ መጻፍ ነበረብኝ። የምጽፈው ግን በራሴ መንገድ፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነው። አታቋርጠኝ።

እርሻውን ምን ያህል እንደምታስታውሰው አላውቅም። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እሄድበታለሁ። ከላይ ድንጋያማው ጫፍ፣ ከታች ወንዙ፣ መካከል ላይ አባታችን ምሳውን የሚበላበት ጠፍጣፋ ድንጋይ። አባታችን ጉልበቱ ሲደክም፣ ከድንጋዩ በስተቀኝ አንተ ሞክር፣ በስተግራ አንተ ሞክር ብሎ ከፍሎ ሰጠን። እሱ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብሎ እኛን ማየት ይወድ ነበር። አንተ ስታርስ ታዜም ነበር። ዝም በል፣ በሬዎቹን ታዘናጋለህ እልህ ነበር። በሬዎቹ መዘናጋታቸውን እንጃ። አሁን አንዳንዴ የወፍጮው ሞተር ሲቆም ያ ዜማ ጆሮዬ ላይ ይመጣል። ዜማው አለ፤ ቃሉ ጠፍቶብኛል።

ጠባችን በቅጠል ነው የጀመረው። አንተ በወገንህ ያሉትን ብሳናዎች አልቆርጥም አልክ። እንዲያውም ችግኝ ጨመርክበት። በየዓመቱ የረገፈውን ቅጠል ጠርገህ ትቆልልና እንዲበሰብስ ትተወው ነበር። እኔ ደግሞ ቅጠል ቆሻሻ ነው፣ ተባይ ይራባበታል፣ ይቃጠል እል ነበር። የኔ ወገን እንደ ተላጨ ራስ ንጹህ ነበር። አንተ ሳቅህ እየመጣ፣ ምስማሩ፣ መሬት እኮ የምትጠረግ ሳሎን አይደለችም አልከኝ። ምስማሩ የምትለኝ አንተ ብቻ ነበርክ። ሌላ ሰው ቢለኝ አፍንጫውን እለው ነበር።

እኔ የምመካው በዚያ ሽፋን በሌለው የግብርና መጽሐፌ ነበር። ትዝ ይልሃል፣ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ያገኘሁት። ማንበብ ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ፊደሉን ከከረጢትና ከቆርቆሮ ላይ ለቅሜ ነው የተማርኩት። ስለዚህ የተጻፈ ነገር ሁሉ እውነት ይመስለኝ ነበር። የዚያ መጽሐፍ የመጀመሪያ ሠላሳ ገጾች ተገንጥለው ጠፍተዋል። ባለፈው ወር ልጅቷ ሙሉውን መጽሐፍ ከዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት አምጥታ አሳየችኝ። ስለ ቅጠልና ስለ አፈር የሚያወራው ከገጽ ስምንት እስከ ገጽ ሃያ ስድስት ነው።

ልጅቷ ያልኩህ ተመራማሪ ናት። ወፍጮ ቤት የሚመጡት ሴቶች የቅጠል ሐኪሟ ይሏታል። ከዓመት በፊት ዝናቡ ሊጀምር ሲል መጥታ፣ አባባ፣ ከወንዙ ማዶ ያለው ጦሙን ያደረ እርሻ የማን ነው አለችኝ። የእኔና የወንድሜ አልኳት። ከታረሰ ስንት ዓመቱ ነው አለች። ሃያ አንድ ዓመት ካሥራ አንድ ቀን አልኳት። እርሳሷን አንሥታ አየችኝ። ለካ በየሄደችበት፣ አሥር ይሆናል፣ አሥራ አምስትም አያጣም እያሉ ሲመልሱላት ነው የከረመችው። እርስዎ ቀኑን እንዴት አወቁት አለችኝ። ቀኑን የማውቅበት ምክንያት አለኝ አልኳት። ያኔ ከዚህ በላይ አልነገርኳትም።

የምትፈልገው ምን መሰለህ? እርሻ ሲተው መጀመሪያ ሣር ያወርሰዋል። ቀጥሎ ቁጥቋጦ ይመጣል፤ ከዚያ ዛፍ። የእያንዳንዱ ቅጠል ረግፎ አፈር የሚሆንበት ፍጥነት ይለያያል። ለምን እንደሚለያይ፣ ከቅጠሉ ጠባይ የትኛው ያፈጥነዋል፣ የትኛው ያዘገየዋል የሚለውን ነው የምታጠናው። ይህን ስትነግረኝ በሆዴ ሳቅሁ። ለዚህ ዩኒቨርሲቲ ይገባል ወይ አልኩ። ግን አንተ ትዝ አልከኝና ሳቄን ተውኩት።

ትናንሽ የመረብ ከረጢቶች ሰፍታ ነበር፤ ሁለት መዳፍ የሚያህሉ። በእያንዳንዱ አሥር ግራም የደረቀ ቅጠል ይገባል። በአንዱ የብሳና፣ በአንዱ የወይራ፣ በአንዱ የክትክታ፣ በአንዱ ሰንበሌጥ። ብሳናና ወይራ ያደባለቀችበትም አለ። ከረጢቱ መሬት ላይ ተኝቶ ዝናብ ይመታዋል፣ ትል ይበላዋል፤ እሷ በየሦስት ወሩ እያነሳች ትመዝነዋለች። ዘበኛ ይሆኑኛል ወይ ስትለኝ፣ ዘበኛ አይደለሁም፣ አደራ ግን እቀበላለሁ አልኳት። ይህን ቃል ያዝልኝ። ጉድ ያመጣብኝ እሱ ነው።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተጨቃጨቅን። እኔ ከረጢቶቹን በመስመር፣ እንደ ትልም ቀጥ አድርጌ ልደረድራቸው ነበር። እሷ ዕጣ እያወጣች በዘፈቀደ ትበትናቸዋለች። በዕጣ የሚዘራ ሰው አይቼ አላውቅም አልኳት። አባባ፣ እርስዎ ቦታ ከመረጡ የሚወዱትን ቅጠል ጥሩ ቦታ ያስተኙታል አለችኝ። የምወደው ቅጠል የለኝም አልኳት። እስቲ እናያለን አለች። አፍ አላት።

በአንድ ነገር ግን ተሸንፋልኛለች። የቅጠሉን ውፍረት የምትለካበት ማይክሮሜትር ይዛ መጥታ ነበር። አያያዟን ሳየው፣ ቅጠሉን እየጨፈለቀች ነው የምትለካው። የሞተር ዘንግ ስለካበት የኖርኩበት መሣሪያ ነው። መጨረሻ ላይ ያለችውን ትንሿን መያዣ አሽከርክሪ፣ ራሷ ጠቅ ስትል ተዪው አልኳት። ደግማ ለካች፤ የሳምንት ሥራዋን ሁሉ ሰርዛ እንደገና ጀመረች። ከዚያ ወዲያ ውፍረት የምለካው እኔ ነኝ። ብሳና ስስ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ጣት ሲነካው ይታጠፋል። ወይራ እንደ ቆዳ ነው፤ ጀርባው ብርማ፣ ፊቱ ሰም የተቀባ ይመስላል። ክትክታ ጣት ላይ ይጣበቃል፤ ሙጫው ትልን የሚያባርር ነው። ለካ ይሄ ሁሉ ነገር አለው።

እርሻውን ብታየው አታውቀውም። ከላይ ድንጋያማው ጫፍ ክትክታ ብቻ ነው። የኔ ወገን ከወገብ በላይ ሰንበሌጥ ሆኖ፣ እዚህም እዚያም ወይራ በቅሎበታል። ያንተ ወገን ግን ጫካ ነው ማለት ይቻላል። ከተቃጠሉት ብሳናዎች ሦስቱ ከሥራቸው አቆጥቁጠው ዛሬ ግንዳቸው በሁለት እጄ አይታቀፍም። አባታችን ይቀመጥበት የነበረው ድንጋይ ጥላ ሥር ገብቷል። መጀመሪያ ቀን ሳየው ልጅቷን ሂጂ፣ እመጣለሁ ብዬ እዚያው ቁጭ አልኩ። የተቀመጥኩት ጫማዬን ለማሰር መስሏታል።

ወፍጮ ቤት የሚመጡት ሴቶች መጫወቻ አደረጉኝ። አንዷ፣ ዛሬ ስንት ቅጠል ተሰረቀ ትለኛለች። ሌላዋ፣ ተያት፣ እሳቸው ዝንብ እንኳ ቆጥረው ነው የሚያሳልፉ ትላለች። እህላችሁን አስፈጩና ሂዱ እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። ሳቃቸው ያን ያህል አላስከፋኝም።

አሁን ወደ ጉዱ ልግባ። የመጀመሪያው ሦስት ወር ሊሞላ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ አደራዬን ልቁጠር ብዬ ሄድኩ። ወይራውን አነሳሁት፤ ልክ እንደ ተሰጠኝ ነው። ታማኝ ቅጠል አልኩት። ክትክታውም ያው ነው። ብሳናውን አነሳሁ። ከረጢቱ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። የቅጠሉ አጥንት ብቻ፣ እንደ ሸረሪት ድር፣ ሲነኩት ብን ይላል። ስድስቱም የብሳና ከረጢቶች እንዲሁ ናቸው።

እኔ አሥር ግራም ተቀብዬ ሁለት ግራም የማስረክብ ሰው አይደለሁም። ሰው አምኖ የሰጠኝ ዕቃ በእጄ ላይ ጎድሎ አያውቅም። ይበሰብሳል ማለቷን ሰምቻለሁ፤ ግን ይቀንሳል እንጂ ይጠፋል አላለችኝም። ብቻ ምን ልበልህ፣ አፈርኩ። ከብሳናዎችህ ሥር የደረቀ ቅጠል ለቀምኩ። የወፍጮው ሞተር ላይ ዘርግቼ አደረቅሁት። ከወርቅ ሠሪው ጎረቤቴ ሚዛን ተውሼ አሥር አሥር ግራም አደረግሁት። ስፌቱን በራሷ ክር ዓይነት፣ በራሷ ቀዳዳ መልሼ ሰፋሁት። አዲስ እንዳይመስል ደግሞ ዓይኔን በጨው አጥቤ ጭቃ ቀባሁት። በሰባ አንድ ዓመቴ የሠራሁት ሥራ ይህ ነው።

መጥታ ሰበሰበች፣ ወደ ላቦራቶሪዋ ይዛ ሄደች። በሁለተኛው ሳምንት ፊቷ ጠቁሮ መጣች። አባባ፣ ጉድ ሆኛለሁ አለችኝ። ከሁሉ ፈጥኖ ይበሰብሳል ያልኩት ብሳና አንድ ግራም እንኳ አልጎደለም። ዓለም ላይ የተጻፈው ሁሉ ሌላ ነው የሚለው። መምህሬ እርሻው የሆነ ችግር አለበት፣ ተይውና ሌላ ቦታ ፈልገሽ ከአዲስ ጀምሪ ብሎኛል። አንድ ዓመት ሊባክንብኝ ነው አለች። እኔ እያዳመጥኩ የወፍጮ ቀበቶ እሰፋ ነበር። መርፌዬን አላቆምኩም። አይዞሽ እንኳ አላልኳትም።

ሦስት ቀን ዝም አልኩ። ዝምታን አውቅበታለሁ፤ ካንተ የተሻለ ምስክር የለም። በመጀመሪያው ቀን፣ ስህተቱ የሷ ነው፣ በደንብ አላስረዳችኝም አልኩ። በሁለተኛውም ያንኑ አልኩ። በሦስተኛው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ፣ ይህን ነገር ሌላ ጊዜም ብዬው እንደማውቅ ታወቀኝ። በነዚያው ቃላት። እንጀራዬን ትቼ ተነሣሁ፤ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

የተከራየችው ክፍል ፎቅ ላይ ነው። አልጋውን ቅጠል ወርሶታል፤ እሷ የምትተኛው ወለል ላይ ነው። ጋዜጣ ላይ ዘርግታ፣ በየዓይነቱ ቁጥር ጽፋበታለች። ሳልቀመጥ ነገርኳት። አንቺ አልተሳሳትሽም፣ እርሻውም ችግር የለበትም፣ ችግሩ እኔ ነኝ፤ ጎድሎ ስላየሁት ሞላሁት አልኳት። ትጮኻለች ብዬ ስጠብቅ ሳቀች። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ ደግሞ ቆጣ ብላ፣ አባባ፣ እኔ እኮ የምፈልገው የጎደለውን ነው አለችኝ። የቀረውን የምመዝነው የጎደለውን ለማወቅ ነው። የጎደለው አልጠፋም፤ አፈር ውስጥ ገብቷል። የመሬቱ ምግብ እሱ ነው። ሙሉ ሆኖ የሚመለስ ከረጢትማ ምንም ያልሰጠ ከረጢት ነው አለችኝ።

ወንበሩን ስቤ የተቀመጥኩት ያኔ ነው።

ከዚያ፣ የድሮውን ቅሪት የት ጣሉት አለች። እንዴት እጥለዋለሁ አልኳት። አደራ አይደለም እንዴ? ስድስት የክብሪት ቀፎ ከኪሴ አወጣሁ። በእያንዳንዱ ላይ የከረጢቱ ቁጥር ተጽፏል። አንዲት ብናኝ እንኳ አልጎደለችም። ልጅቷ ተነሥታ ግንባሬን ሳመችኝ። እንዲህ ዓይነት ነገር አልወድም። አልኳትም።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ቀና። ዘጠኝ ወር ሲሞላ ብሳና ጨርሶ የለም። ሰንበሌጥ ከግማሽ በላይ ጎድሏል። ክትክታ ሲሶ ያህል። ወይራ ሩብ ብቻ፤ ቅርጹን እንኳ አልለቀቀም። ቅጠሉ ስስና ለስላሳ ሲሆን፣ ምግብ ያለው ሲሆን፣ ትልና ሻጋታ ይረባረቡበታል። ወፍራም፣ ሰም ያለው፣ መራራ ሲሆን ይፈሩታል። አንድ ነገር ግን ገርሞኛል። ከብሳና ጋር በአንድ ከረጢት የታሰረው ወይራ ግማሽ ሊደርስ ጥቂት እስኪቀረው ጎድሏል። ያው ወይራ ነው፣ ከዚያው ዛፍ የተለቀመ። ልጅቷ፣ ለስላሳው ሲበሰብስ ርጥበቱም ምግቡም ለጠንካራው ይተርፈዋል አለችኝ። አንተ ብትሆን ይህን ይዘህ አንድ ነገር ትቀኝበት ነበር። እኔ የነገርኩህ ሚዛኑ ያሳየውን ነው።

ከአንድ ወር በፊት ደግሞ አፈሩን ልይ ብላ ቆፈረች። ባንተ ወገን፣ ቅጠል ትቆልልበት የነበረው ቦታ ላይ። ቦታውን ያሳየኋት እኔ አይደለሁም፤ ዕጣዋ ነው የጣላት። ጥቁር፣ ልስልስ ያለ አፈር ነው የወጣው። በኔ ወገን ከቆፈረችው ጋር ጎን ለጎን ስታስቀምጠው፣ የእኔው ያረጀ ጡብ ይመስላል። አራት ጣት ያህል ከገባች በኋላ ግን አንድ ቀጭን መስመር ወጣ፤ ከሰል። ጉድጓዱን ዙሪያውን ይዞታል፣ እንደ ቀበቶ። በብሩሽ ጠረገችውና፣ እዚህ እሳት ነበር አለች። ነበር አልኳት። ሰው ነው ያቃጠለው ወይስ እንዲሁ ተነሥቶ ነው አለች።

ሃያ ሁለት ዓመት፣ መንገደኛ ሲጋራ ጥሎ ነው ስል ኖሬያለሁ። ለሰፈሩ ትልልቅ ሰዎች እንዲያ አልኩ። እናታችን ፊት ምዬ እንዲያ አልኩ። ያን ቀን እዚያ ጉድጓድ አፍ ላይ ተንበርክኬ፣ እኔ ነኝ አልኳት።

ልጅቷ ቀና ብላ አላየችኝም። ጻፈች። ያቃጠለው ማን፣ መቼ፣ ስንት ሰዓት፤ ሁሉንም ጻፈች። ከዚያ፣ ቁልሉ ምን ያህል ከፍታ ነበረው አለችኝ። እስከ ደረቴ አልኳት። እሱንም ጻፈችው። ይህ ነገር እንዲህ ባለ ሁኔታ ይነገራል ብዬ አስቤ አላውቅም። ደረቴ ላይ የነበረ ነገር ወረቀት ላይ በእርሳስ በሁለት መስመር አለቀ።

ላንተ ግን በሁለት መስመር አልጨርሰውም። ቀኑን ታውቀዋለህ። እኩለ ቀን ነበር፣ አንተ ወንዝ ወርደህ ነበር። ክብሪቱን የጫርኩት እኔ ነኝ። ላቃጥል ያሰብኩት ቁልሉን ብቻ ነበር። ንፋሱ ከታች ተነሣ። ችግኞቹን በላ፣ ከዚያ እዚያው የሠራሃትን ጎጆ፣ ጎጆዋ ውስጥ ያለውን የዓመቱን ዘርህን። በጆንያ መታሁት፣ አፈር በተንኩበት፤ እጄ ላይ ያለው ጠባሳ የወፍጮ አይደለም። እየሮጥክ ስትደርስ እኔን ነው መጀመሪያ ያየኸው፣ አብሬህ ሳጠፋ። ዘር የሌለው ሰው ምን ይዞ ይቀመጣል? ሰፈሩን ለቀህ የሄድከው በእኔ ነው። እኔም ከዚያ ቀን ወዲያ እርፍ አልጨበጥኩበትም።

ለምን እንደሆነ እንድጽፍልህ ትፈልግ ይሆናል። አባታችን ከመሞቱ በፊት እርሻውን አሳዩኝ ብሎ ደግፈን የወሰድነውን ቀን አስታውስ። የኔን ትልም አየና፣ ቀጥ ያለ ነው አለ። ያንተ ወገን ሲደርስ ግን እጁን ቁልሉ ውስጥ አስገባ። አንድ ጭብጥ አፈር አወጣ፣ አሸተተ፣ እንድታሸት ለእናታችን ሰጣት። ፈገግ ብለው ተያዩ ብቻ። ከተቀበረ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ነው እሳቱ።

እናታችን ስምል ዓይኗን ከእኔ አንሥታ መሬት መሬት ስታይ ነበር። የምታውቅ ይመስለኛል። እስክትሞት አንሥታው አታውቅም፤ አንድ ቀን ብቻ፣ ልብሴን ስታጥፍ፣ ያ ልጅ ይበርደው ይሆን አለች። በጋ ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ጽሕፈት ቤቱ ሄጄ ነበር። ጸሐፊው ሻይ እየጠጣ፣ አባት፣ ሁለት ፊርማ ያስፈልጋል፣ ወንድምዎን ይዘው ይምጡ አለኝ። ወንድሜ ከእኔ ጋር አንድ ወረቀት ላይ አይፈርምም አልኩት። ታዲያ ታረቁ አለኝ፤ ሻይ ጨምርልኝ እንደማለት። አንዱ ድርሻውን ለሌላው ቢለቅስ አልኩት። ቅጽ አለው አለ። ቅጹን ስጠኝ አልኩት። አባት፣ ቤት ሄደው ያስቡበት አለኝ። አስቤበታለሁ፣ ብዕር ስጠኝ አልኩት።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተጣጥፎ የመጣው እሱ ነው። ማኅተሙን እይ፤ ሁለት ቦታ አለ። ድርሻዬ በሙሉ ያንተ ነው። ይህን ይዘህ ስትሄድ ያንተ ፊርማ ብቻውን ይበቃል፣ በሌላ ወረቀት ላይ። ቃልህን ማጠፍ የለብህም፤ ፊቴንም ማየት የለብህም። ብታርሰው እረሰው፣ ዛፍ ሆኖ ይኑር ብትል ይኑር። የኔን ወገን አፈር ግን አደራ፣ ደክሟል፤ ከብሳናው ችግኝ ወደዚያ ብታሻግርለት ሳይሻል አይቀርም። ምክር አይደለም። ተለክቶ የታየ ነገር ነው።

አንድ ጉዳይ ቀርቷል። የመጨረሻዎቹ ከረጢቶች የሚነሡት በመጪው ወር አሥረኛው ቀን ነው። ስምንት ናቸው። ዓመት ስለተኙ የሣርና የዛፍ ሥር በመረቡ ቀዳዳ ገብቶ ከመሬቱ ጋር ሰፍቷቸዋል። ከተሳቡ ይቀደዳሉ። አንድ ሰው ከረጢቱን በሁለት እጁ ሳያናውጥ ይይዛል፣ ሌላው ከሥሩ በመቀስ ይቆርጣል። ልጅቷ ያን ሳምንት ፈተና አለባት፤ አባባ፣ ለእርስዎ ትቼዋለሁ፣ የሚያግዝዎት ሰው ይፈልጉ ብላኛለች። ይኸው አሁን እጄ መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤ ጽሑፌን እያየህ ነው። መቀሱን ብይዝ ከረጢቱን የሚይዝልኝ ያስፈልጋል።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከወንዙ በኩል እገባለሁ። ሥራው እስከ ቀትር ያልቃል። ሌላ ሰው አልጠየቅሁም፤ አልጠይቅምም።

ባለቤትህን እንደሳምኳት ቁጠርልኝ። ልጆችህ ወግ ማዕረግ ይዩ፣ ያቺ አስተማሪዋ ተማሪዎቿ ይስሟት። ፈጣሪ ለወገብህ ብርታት ይስጥህ። እኔን ያስቀድመኝ።

ታላቅ ወንድምህ